ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሱቅ ለቢቸናው ነጋዴ ስንት ያወጣል?

ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ በሚያደርሰው መንገድ ላይ የሚነግድ ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ ይደናገጣል ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። ይህ ሰው የዓባይን በረሃ ስንት ጊዜ ወርዶ የወጣ፣ ጤፉን አስጭኖ መጥቶ ሒሳቡን በቃሉ የሚያወራርድ ነው። አውቶቡስ ተራ ከወረደ በኋላ ጎጃም በረንዳም ሆነ እህል በረንዳ ለመድረስ ማንንም አይጠይቅም። ነገር ግን ይኸው ሰው ጤፉን ሸጦ በገንዘቡ ልብስና ጫማ ሊገዛ ወደ አንድ ባለ አምስት ወለል የገበያ ሕንፃ በገባ በሩብ ሰዓት ውስጥ የገባበትን በር ያጣዋል።

ነገሩ ለሰሚው ቀልድ ይመስላል፤ ለባለ ሱቁ ግን ቀልድ አይደለም። የክፍለ ሀገር ነጋዴ አንድ ሸሚዝ ገዝቶ የሚሄድ ደንበኛ አይደለም። በአንድ ጉዞ የሚያነሳው ዕቃ በችርቻሮ ቢሸጥ ስንት ቀን የሚፈጅ ነው። ይህ ሰው ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ሱቅ ሊያገኘው ባለመቻሉ መሬት ላይ ካለው ገዝቶ የሄደ እንደሆነ፣ የላይኛው ባለ ሱቅ በየወሩ የሚከፍለው ኪራይ የምን ዋጋ እንደሆነ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ሳቢያ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት በቆየበት ዘመን ደግሞ ከቢቸና ወይም ከሞጣ የመጣ ነጋዴ አዲስ አበባ የሚቆይበት ሰዓት የተቆጠረ ነው። ፎቅ ለፎቅ የሚዞርበት ትርፍ ጊዜ የለውም።

ለመሆኑ መርካቶን ዓይኑን ጨፍኖ የሚሄድባት ሰው በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ አካባቢው በቀጥታ መንገዶች ተሸነሸነ፤ መርካቶ የሚለው ስምም ከዚያው ቀረልን። ገበያውን ለሰው የሚገባ ያደረገው ግን የጣሊያን መሐንዲስ ያሰመረው መስመር ብቻ ሳይሆን ነጋዴው ራሱ ያበጀው “ተራ” ነው። ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ድር ተራ፣ ጫማ ተራ እየተባለ ዕቃው ራሱ አድራሻ ሆነ። የምትፈልገውን ካወቅህ የምትሄድበትን አወቅህ ማለት ነው። (ምናለሽ ተራ ብቻ ከዚህ ለየት ይላል፤ ስሙ የያዘው ዕቃውን ሳይሆን የገዢውን ጥያቄ ነው።)

ተራ ማንበብ ለማይችል ሰው ጭምር የተሠራ አሠራር ነው። በርበሬ በረንዳ መድረስህን የሚነግርህ ታፔላ ሳይሆን ማስነጠስህ ነው። ቆርቆሮ ተራ በመዶሻው ድምፅ ከሩቅ ይታወቃል። ገዢው አንዱ ሱቅ ዋጋ ቢያስወድድበት ሦስት እርምጃ ሄዶ ሌላውን ይጠይቃል። ይህንኑ አሠራር የቢቸናውም ሆነ የሞጣው ነጋዴ ከአገሩ ገበያ ይዞት የመጣ ነው። እህሉ በእህል ቦታ፣ ከብቱ በከብት ተራ፣ ቅቤው በቅቤ ቦታ ይቆማል፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ተልኮ አይስተውም።

ሕንፃው ሲመጣ ይህ ሁሉ ተቆረጠ። ጎን ለጎን የነበረው ነገር አንዱ በሌላው ራስ ላይ ወጣ። በብዙዎቹ የገበያ ሕንፃዎች ሱቅ ለባለቤቱ የሚደርሰው በዕጣ፣ በአክሲዮኑ ብዛት ወይም በገንዘብ አቅም ነው እንጂ በሚሸጠው ዕቃ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ አንደኛ ፎቅ ላይ ከሕፃናት ልብስ አጠገብ የስልክ ጥገና፣ ከስልክ ጥገናው አጠገብ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው አጠገብ የጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ ይገኛል። ከላይ ሆነህ ስትጮህ የሚሰማህ፣ ከታች ሆነህ ስታይ የሚታይህ የለም። ሽታውም ድምፁም አንድ ሆኗል። የቀረው ቁጥር ብቻ ነው።

በቁጥሩስ ቢሆን መች ተስማማን? “ጂ ፕላስ አራት” የሚባለው ሕንፃ አምስት ወለል አለው። አንደኛ ፎቅ ስትባል አንዱ መሬት ላይ ያለውን፣ ሌላው አንድ ደረጃ ወጥቶ ያለውን ይልሃል። መሬቱ ተዳፋት ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ሕንፃው ከላይኛው መንገድ በኩል የሚያስገባ አንድ በር፣ ከታችኛው መንገድ በኩል የሚያስገባ ሌላ በር ሲኖረው በላይ የገባ ሰው “ግራውንድ” ያለውን በታች የገባው “ሁለተኛ” ይለዋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሻጩ በስልክ ሁለተኛ ፎቅ ብሎ ሲያስረዳ እሱ በየትኛው በር እንደሚገባ ማሰብ አይሆንለትም፤ ሃያ ዓመት የገባበት በር ስለሆነ ሌላ በር መኖሩን ረስቶታል። ይህ ጸሐፊ ስሙን በማንጠራው አንድ ሕንፃ ውስጥ ሱቅ ቁጥር 214ን ሲፈልግ 213 ደርሶ ቀጣዩን ቁጥር በሌላኛው ክንፍ፣ በሌላ ደረጃ በኩል አግኝቶታል። መሐል ላይ ግድግዳ ነበር።

ስልክ ይህን አይፈታውም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። ዛሬ ሻጩ የዕቃውን ፎቶ በቴሌግራም ይለቅቃል፣ አድራሻውንም ከካርታ ጋር ይልካል። ካርታው ግን ገዢውን ሕንፃው በር ላይ አድርሶ ይተወዋል። ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት በኮንክሪት ጣሪያ ሥር ይደክማል፣ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደቆምክም በቅጡ አይነግርህም። ስለዚህ መጨረሻው ያው የድሮው ነው። ገዢው ይደውላል፣ ሻጩ “ጋሼ፣ እዚያው ይቁሙ፣ ልጅ እልካለሁ” ይላል። ልጁም ይወርዳል።

ይህ ልጅ በነፃ የሚሮጥ ይመስላል፤ ነገር ግን ሒሳብ ውስጥ ያልገባ ወጪ ነው። በዚህ ረገድ ከታወቁት ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ አትላንታ በሚገኘው በኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ላይ የተደረገው ነው። ክሬግ ዚምሪንግ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረቡት ስሌት ሰዎች በሆስፒታሉ ውስጥ መንገድ በመጥፋታቸው ምክንያት በዓመት ከ220,000 ዶላር በላይ ወጪ ይደርስ ነበር፤ ለአንድ አልጋ ሲካፈል 448 ዶላር ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙው የተደበቀ ወጪ ነው። ሥራቸው መንገድ ማሳየት ያልሆነ ሠራተኞች እንግዳ ሲጠይቃቸው ሥራ አቁመው በማስረዳት ያጠፉት ጊዜ በዓመት ከ4,500 ሰዓት ይበልጥ ነበር። ይህም ከሁለት የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ሥራ በላይ ነው።

ስሌቱን ወደ እኛ ሕንፃ እናምጣውና ለምሳሌ ያህል ብቻ እንመልከት። መሬት ላይ ያለ አንድ ባለ ሱቅ በቀን ሠላሳ ጊዜ “እገሌ የት ነው?” ተብሎ ቢጠየቅና ለእያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ ቢያጠፋ በቀን ሩብ ሰዓት ነው። ዓመቱን በ300 የሥራ ቀን ብንይዘው 75 ሰዓት ይሆናል። መሬት ላይ ሃያ ሱቆች ቢኖሩ 1,500 ሰዓት። ከዚህ ሁሉ ሰዓት ባለ ሱቁ የሚያገኘው ጥቅም የለም፤ እንዲያውም “ላይ ነው” ብሎ የሚልከው ሰው የተፎካካሪው ደንበኛ ነው። ታዲያ አንዳንዱ “አላውቅም” ቢል፣ ወይም “እሱ ዘግቷል፣ እኔ ጋ አለ” ቢል ምን ይገርማል? የገበያ ሕግ ነው።

እዚህ ላይ ደላላው ይገባል። ደላላ በዕቃ ዋጋ ላይ ብቻ የሚያድር ይመስለናል፤ በገበያ ሕንፃ ውስጥ ግን ከሚሸጠው ነገር ትልቁ መንገድ ማወቁ ነው። ከአውቶቡስ ተራ ገዢውን ተቀብሎ የትኛው ደረጃ የት እንደሚያወጣ፣ የትኛው አሳንሰር እንደሚሠራ፣ የቱ ኮሪደር በመጋዘን እንደተዘጋ ስለሚያውቅ ኮሚሽኑን ይቀበላል። ያ ኮሚሽን መጨረሻ ላይ በዕቃው ዋጋ ላይ ይታከላል። የቢቸናው ነጋዴ የሕንፃውን ግራ መጋባት በሸሚዝ ዋጋ እየከፈለ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ የቢቸናም ገዢ ይከፍልለታል። ሕንፃው ለመግባባት ቀላል ቢሆን ደላላው ይህን ገቢ ያጣል። ደላሎች ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ቅሬታ ሲያሰሙ የማይደመጡት በዚህም ጭምር ይመስለናል።

“ታፔላ እንሰቅላለን”

የሕንፃ ባለቤቶች ችግሩ ሲነሳባቸው ፈጥነው የሚሰጡት መፍትሔ ታፔላ ነው። ታፔላ ይረዳል፤ ነገር ግን አያድንም። ማይክል ኦኒል የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ከቀላል እስከ ውስብስብ የወለል ፕላን ባላቸው ቦታዎች ውስጥ ምልክት እያለና ሳይኖር አስሂደው ፈትነዋል። ምልክት ስህተትን ቀንሷል። ሆኖም እጅግ ውስብስብ በሆነው ወለል ላይ ምልክት እያዩ የሄዱት ሰዎች፣ እጅግ ቀላል በሆነው ወለል ላይ ያለ ምንም ምልክት ከሄዱት የበለጠ ተሳስተዋል። ለኢንቨስተር ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ፕላኑ ላይ የተሠራ ጥፋት በኋላ በቀለምና በፕላስቲክ አይታረምም ማለት ነው።

በር ላይ የሚሰቀለው “አሁን እዚህ ነዎት” የሚል ካርታም የራሱ ጣጣ አለው። ካርታው ሲሰቀል ወደ ላይ ያለው ከተመልካቹ ፊት ለፊት ካለው ጋር ካልገጠመ ሰውን ወደ ተቃራኒው ይልከዋል፤ ማርቪን ሌቪንና ባልደረቦቻቸው ይህን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። አንድ ዓይነት ወረቀት አሳትሞ በአራቱም በር መለጠፍ የሚወድ ባለ ሕንፃ ከአራቱ በሦስቱ ደንበኛውን እያሳሳተ ነው።

ከፍታስ? ብዙ ሰው የሚጠፋው ሕንፃው ስለረዘመ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ባለ ሠላሳ ፎቅ ሕንፃ ሁሉም ወለሉ አንድ ዓይነት ከሆነና አሳንሰሩ መሐል ላይ ከሆነ ከሚያስቸግረው በላይ ይቀላል፤ ቁጥሩን ተጭኖ መውጣት ነው። የሚያስቸግረው ዝቅ ብሎ የተንሰራፋው፣ ሦስት አራት ደረጃ ያለው፣ አንዱ ደረጃ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ብቻ የሚያደርስ፣ ሌላው ደግሞ ከሦስተኛ ፎቅ የሚጀምር የሚመስለው ሕንፃ ነው። ክሪስቶፍ ሆልሸርና ባልደረቦቻቸው በአንድ የጀርመን የስብሰባ ማዕከል ውስጥ ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ሰው የአንዱ ወለል ኮሪደር ከሌላው ጋር አንድ ይሆናል ብሎ ያስባል፤ ሳይሆን ሲቀር ይጠፋል። ቤቱን የሚያውቁት ሰዎች በብዛት አስቀድመው ወደሚፈለገው ፎቅ ወጥተው ከዚያ በኋላ ክፍሉን ይፈልጉ ነበር፤ ይህም አካሄድ ከሌላው የተሻለ ውጤት ሰጥቷቸዋል። ይህን ለመርካቶ ገዢም ቢሆን በነፃ የምንመክረው ነው።

ቀላል ፕላን ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለማየት የጎጃም ሰው ሩቅ አይሄድም። በየደብሩ የሚታየውን ክብ ቤተ ክርስቲያን ያስብ። ቅኔ ማኅሌት በውጭ፣ ቅድስት በመካከል፣ መቅደስ በውስጥ። ምሥራቁ ይታወቃል፣ ቤተ ልሔሙ በምሥራቅ ነው፣ የወንዱና የሴቱ መግቢያ ተለይቷል። ደብረ ወርቅ ያደገ ልጅ ሄዶ በማያውቀው ደብር ውስጥ ቢገባ የት እንደሚቆም የሚነግረው አያስፈልገውም። በየትኛውም በኩል ቢዞር መቅደሱ ሁልጊዜ መሐል ላይ ስላለ ከመሐሉ ያለው ርቀት ብቻ ቦታውን ይነግረዋል። ንጽጽሩ ለንግድ ቤት ይበዛበታል የሚል ካለ ይቅርታ እንጠይቃለን። ነገር ግን መሐሉ ክፍት ሆኖ ሁሉም ወለል ከአንድ ቦታ የሚታይበት የገበያ ሕንፃ ሐሳቡ ከዚህ አይርቅም። ከመሐል ቆሞ ቀና ብሎ የሦስተኛ ፎቅ ሱቁን በዓይኑ ያየ ገዢ ደረጃውን ይፈልገዋል። ያላየውን አይፈልገውም። እኛ ጋ ግን መሐል ላይ ክፍት ቦታ የተተወባቸው ሕንፃዎች ሳይቀሩ ክፍቱ በጊዜያዊ መደርደሪያ፣ በሸራና በካርቶን ሲሞላ ይታያል። ኪራይ የሚያመጣ ካሬ ሜትር ባዶ ሲቀመጥ ዓይን ያማል፤ የላይኛው ፎቅ ኪራይ የሚወድቀው ግን በዚያው ካርቶን ምክንያት ነው።

ይህን ማን ይቆጣጠር የሚለው ጥያቄ ሌላው አስቸጋሪ ነገር ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሱቅ በግል፣ ደረጃና ኮሪደር ደግሞ በጋራ የሚያዙበትን ሥርዓት ዘርግቷል። በተግባር የጋራ የሆነው ነገር የማንም ሆኖ ይቀራል። መሬት ላይ ያለው ባለ ሱቅ ለሦስተኛ ፎቅ ምልክት ገንዘብ አያዋጣም፣ የሦስተኛ ፎቁ ብቻውን አይችልም። አሳንሰሩ ሲበላሽም እንደዚሁ ነው።

የእሳት ነገር

ጉዳዩ ከኪራይ አልፎ የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት ሸማ ተራ ላይ የተነሳው እሳት ለሰዓታት ሲነድ የእሳት አደጋ መኪና እንደልብ እንዳይገባ የአካባቢው መጥበብ አስቸግሮ እንደነበር በወቅቱ ተነግሯል። ያ የውጭው መንገድ ነው። የውስጡ ደግሞ አለ። በእንግሊዝ አጠገብ ባለችው በማን ደሴት ላይ ሰመርላንድ የተባለ የመዝናኛ ሕንፃ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1973 ተቃጥሎ 50 የሚሆኑ ሰዎች ሞተዋል። ጆናታን ሳይም የተባሉ ተመራማሪ ከአደጋው የተረፉትን ሰዎች ቃል መርምረው እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳስረዱት፣ ሰው በእሳት ጊዜ የሚሮጠው ቅርብ ወዳለው መውጫ ሳይሆን ወደሚያውቀው ቦታና ወደ ቤተሰቡ ነው። የገባበትን በር ይፈልጋል። እንግዲህ በሰላም ቀን የገባበትን በር በሩብ ሰዓት ያጣ የቢቸና ነጋዴ በጭስ ውስጥ የት ይደርሳል? የአደጋ ጊዜ ደረጃ ተብሎ የተሠራው በጣቃ ጨርቅና በካርቶን ተሞልቶ ቁልፉ ዘበኛው ጋ ከሆነማ ነገሩ አለቀ።

በቢቸናና በሞጣ ለሚገነቡት

ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ጣጣ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በክልል ከተሞች ነጋዴው ገንዘቡን ወደ ፎቅ እያዞረ ነው፤ መሬት ላይ ሱቅ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ባንክ ወይም ብድርና ቁጠባ፣ ከዚያ በላይ ክሊኒክ፣ ቢሮና አልጋ የተለመደ አሠራር ሆኗል። በእነዚህ ሕንፃዎች ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ጥፋት አንድ ነው። ባለቤቱ የመንገድ ፊቱን በሙሉ ለሱቅ ሲል ይሸጠውና ደረጃውን በጀርባ ወይም በሁለት ሱቅ መሐል ባለች ጠባብ መግቢያ ይደብቀዋል። በገበያ ቀን ከገጠር የመጣ ገበሬ ከላይ ክሊኒክ መኖሩን ቢሰማም መውጫውን አያየውም። ባለቤቱ በአንድ ሱቅ ኪራይ ያተረፈ እየመሰለው ሁለት ፎቅ ያከስራል።

በእነዚህ ከተሞች አድራሻ የሚነገረው በሰው ስም ነው፤ የእገሌ ሱቅ፣ የእገሊት ምግብ ቤት። ቁጥር የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ከመርካቶ የተቀዳ የሱቅ ቁጥር ከማብዛት ይልቅ ለየወለሉ አንድ ቀለምና አንድ ሥዕል መስጠት ይሻላል። ይህ የሕፃን ጨዋታ አይደለም። በ1997ቱ ምርጫ ማንበብ የማይችለው መራጭ ኢሕአዴግን በንብ፣ ቅንጅትን በሁለት ጣት ለይቶ ድምፁን ሰጥቷል። ለፓርቲ የበቃ ምልክት ለፎቅ ያንሳል? በስልክም “የዶሮው ፎቅ፣ ከደረጃው በግራ” ማለት “ሱቅ ቁጥር 3-17” ከማለት ሳይሻል አይቀርም።

ሱቅ ወይም አክሲዮን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ደግሞ ውሉን ከመፈረሙ በፊት በትንሽ ወጪ የሚያደርገው ሙከራ አለ። ሕንፃውን የማያውቁ ሦስት ሰዎችን፣ ቢቻል አንዱ ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ በተለያየ በር አስገብቶ ሱቁን ያለ ስልክ እንዲያገኙ መላክና ሰዓት መያዝ ነው። ስንት ጊዜ ሰው እንደጠየቁ፣ የት ላይ እንደቆሙና ወደ ኋላ እንደተመለሱ ይጻፍ። ሲወጡም በየትኛው በር እንደወጡ ይታይ። ሦስቱም ከአምስት ደቂቃ በላይ ከፈጀባቸው የተጠየቀው ዋጋ ላይ ለመከራከር በቂ ማስረጃ ነው፤ ሻጩ ወደ ሱቁ ሊወስድህ ራሱ ከፊት ከፊት እየመራ ስለሚሄድ በዚያን ቀን ይህ ሁሉ አይታወቅህም። ሕንፃው ገና በወረቀት ላይ ከሆነ ደግሞ ፕላኑን አስዘርግቶ በየወለሉ ከደረጃው አፍ ላይ የቆመ ሰው ፊት ለፊቱ ምን እንደሚያይ መሐንዲሱን መጠየቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው የመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ነው፤ እሱን ወደ ጎን ማዞር በዚያ ደረጃ ላይ የግማሽ ቀን የእርሳስ ሥራ ነው።